ወለሉን ማካፈል

መሪ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ነው የያዙኝ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። የምን ጥያቄ እንደሆነ አልነገሩኝም። ያስገቡኝ እንጦጦ ግርጌ ያለ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበር። ክፍላችን ድሮ ሳሎን ነበር፤ አራት ማዕዘን ሆኖ በአንድ ጎኑ እንደ ግማሽ ክብ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ የነበረው መስኮት በብሎኬት ተደፍኗል። በሩ ጥግ የሽንት ባልዲ አለ። ባልዲው አጠገብ አንድ የእንጦጦ ገበሬ፣ ሽማግሌ ሰው፣ መተኛ አጥተው ቁጭ ብለው ያድራሉ።

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ እንደኛው እስረኛ ነው፤ ውጭ ነጋዴ ነበር። የሂሳብ መምህር መሆኔን ሲሰማ፣

«ቲቸር፣ በመኝታ ጠብ ሰለቸን። ወለሉን ለክተህ እኩል አካፍለን» አለኝ።

በስንዝር ለካሁ። በሳሙና ቁራጭ ቅርጹን ግድግዳው ላይ ሳልኩ። ለልጆች ስንቴ ያስተማርኩት ነው፤ ቅርጹን ከፋፍል፣ የየአንዱን ስፋት አግኝ፣ ደምር፣ የማይገባውን ቀንስ። እዚያ ግን ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ። ግማሽ ክቡን እንደ ሙሉ ክብ አሰላዋለሁ። የባልዲውን ቦታ በመቀነስ ፈንታ እደምረዋለሁ።

«ቲቸር፣ ወለሉ እኮ እየሰፋ ሄደ!» አለ ካቦው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ፈራ።

እንደምንም ልኩ መጣልኝ። ሳላካፍል ግን ጠባቂው ሥዕሉን አየና መርማሪው ዘንድ ወሰደኝ።

«ያቺ ግማሽ ጨረቃ ምንድን ናት?»

«መስኮቱ ጋ ያለው ወለል ነው።»

«የቱ መስኮት?»

«የተደፈነው።»

«መስኮት እንደነበረ ማን ነገረህ?»

እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ እሱ ሲጠይቀኝ ግን ለራሴም ውሸት ይመስለኝ ጀመር። የማምለጫ ካርታ ስዬ ይሆን እንዴ?

«ሂድ፣ እጠበው» አለኝ።

አጠብኩት። ጠባቂው እንደወጣ ሁሉም እኔን አየ። ያለ ሥዕል፣ በስንዝሬ ብቻ፣ የየሰዉን ድርሻ አሳየሁ።

«አባባ፣ የእርስዎ እዚህ ነው» አልኳቸው ሽማግሌውን፣ ወደ ግማሽ ክቡ እየጠቆምኩ።

«ለእኔ አበዛኸው፣ ልጄ።»

«አላበዛሁም። እኩል ነው።»

ጋቢያቸውን አነጠፉና እግራቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ።

አሁን ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ለምን እንደታሰርኩም፣ ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። የጥምር ቅርጾች ስፋት የሚለው ትምህርት ላይ ስደርስ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ትንሽ እቆማለሁ። ተማሪዎቼ ስሌቱ የጠፋኝ ይመስላቸዋል። አልጠፋኝም። ሽማግሌው ይፈቱ አይፈቱ አላውቅም፤ ስማቸውንም አልጠየቅኳቸውም።