ዳሞታ ከዲምቱ ሲታይ

የመጨረሻው ደኅና ቀን ቅዳሜ ነበር። ጣልያን አገራችን ከመግባቱ በፊት ነው። ቤታችን ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከዳሞታ ተራራ በስተደቡብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከቤቱ ጎን ያለውን መሬት በቅጠል ጠርጎ ተንበርክኳል። እኛ ቤት ባይራ ነበር የምንለው፤ በወላይትኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። ከተማ ባለው ትምህርት ቤት ይማራል። የተማረውን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኔ ያካፍለኛል። የዚያን ቀን ድርሻዬ ጂኦግራፊ ነበር።

«መጀመሪያ አቅጣጫ» አለኝ። «ቀኝ እጅህን ፀሐይ ወደምትወጣበት ዘርጋ። ፊትህ ሰሜን ነው፤ ጀርባህ ደቡብ፤ ግራህ ምዕራብ።»

እኔ እጄን አልዘረጋሁም። ቀና ብዬ አየሁ፤ ዳሞታ እዚያው ነበር። ከቤታችን ደጅ፣ ከገበያው፣ ከምንጩ፣ ከየትም ብቆም ሰሜን ዳሞታ ያለበት ነው። ይህን እያወቅሁ እጄን ለምን አደክማለሁ?

ባይራ ካርታውን መሥራት ጀመረ። ለዳሞታ የኩይሳ ስባሪ አስቀመጠ። ለብላቴ ወንዝ የእንሰት ቃጫ ዘረጋ። ለአባያ ሐይቅ ከጓዳ ቅል አምጥቶ ውኃ ሞላበት። ከቤታችን እስከ ሶዶ ገበያ ያለውን መንገድ አንድ ስንዝር አደረገው፤ የቀረውንም አገር ሁሉ በዚያው ስንዝር ለካ። ልኬቱን አንድ ቦታ ካዛባህ ካርታው በሙሉ ይዋሻል ይል ነበር። በምሥራቅ በኩል ቆላ ያለችውን የዲምቱን ገበያ ሊያስቀምጥ ሲለካ ሲለካ ስንዝሩ ከተጠረገው መሬት አልፎ ሄደና ከታሰረችው ላም እግር ሥር አደረሰን። ላሟም ጊዜ አልሰጠችንም፤ ሸናችበት።

«ዲምቱን ጎርፍ ወሰዳት!» ብሎ ጮኸ ባይራ። መሬት ላይ ተንከባለልን።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ልጅ፣ ቅሌን ምን አደረግኸው?»

«እሱ እኮ አሁን አባያ ነው፣ እማ። ከፈለግሽው በታንኳ ነይ።»

«አባያህን ደፍተህ ቅሌን አምጣ!» አለች፤ ግን ትስቅ ነበር። ካርታው እስኪያልቅም አልወሰደችውም። ስለዚያች ቅል እንኳ አመሰግናታለሁ።

አባቴ ዶማውን ተሸክሞ ከማሳ ሲመለስ ካርታውን ላለመርገጥ ዞሮ መጣ። ከሁለት ልጅ አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለመሬት ይበቃል የሚል ሰው ነበር። ባይራ እኔም ትምህርት ቤት እንድገባ ሲለምነው ከርሟል። በመጨረሻ አባቴ፣ የሚገባው መሆኑን አሳየኝና መስከረም ላይ አስገባዋለሁ ብሎት ነበር። ያን ቀን ሊፈትነኝ ፈለገና ከላሟ አጠገብ ቆመ።

«እንግዲህ ዲምቱ ነን» አለኝ። «ሰሜን ወዴት ነው?»

«ዳሞታ ያለበት ነዋ!»

ባይራ ግንባሩን ያዘ። አባቴ ሳቀ። «ይሄማ ከበሬዎቹ ጋር ይማር።»

ተናደድኩ። «ተራራ እግር አለው እንዴ? እኔ ዲምቱ ስለሄድኩ ቦታውን ይቀይራል?»

«እግር ያለህስ አንተ ነህ» አለኝ ባይራ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «አባ፣ እስካሁን ከዚህ አካባቢ ወጥቶ አያውቅም እኮ። ዲምቱ ወስጄ በዓይኑ አሳየዋለሁ። ያን ጊዜ ጠይቀው።»

«ያን ጊዜ ከመለሰ ቃሌ ቃል ነው» አለ አባቴ።

ከሰዓት በኋላ ባይራ ፊቱን ደጋግሞ ሲታጠብ አየሁት። ፀሐይ መታኝ አለ። እኛም ፀሐይ ነው ብለን አመንን። ከዚህ ቀደምም ወደ ቆላ ይመላለስ ነበርና የወባው ንዳድ በደሙ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

ሰኞ፣ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ስለተዘጋ፣ ለእናቴ ጥጥ ሊገዛ ከነጋዴ ጎረቤታችን ጋር ወደ ዲምቱ ወረደ። እኔን በሚቀጥለው ገበያ ሊወስደኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

ነጋዴው ብቻውን ተመለሰ። ባይራ ዲምቱ ውስጥ በንዳድ ወድቋል፤ አንዲት መበለት ቤቷ አስተኝታዋለች። «ታናሼን አምጡልኝ ይላል» አለን። አባቴና ሁለቱ አጎቶቼ ቃሬዛ ይዘው ተነሡ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ሂድ አላለችኝም፤ ቅርም አላለችኝም። ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ተጓዝን። እኔ ከእግሬ በቀር ምንም አላየሁም።

ሲመሽ ደረስን፤ ባይራ ግን በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ አርፎ ነበር።

መበለቲቱ አጥባ፣ በራሷ ነጠላ ሸፍናዋለች። አባቴ ስለ ነጠላው ሲያመሰግናት፣ «እኔም ልጅ አለኝ» ብቻ አለችው። ስሟን አልጠየቅንም። ከእናቴ ቀጥሎ እሷን ሳላመሰግን የማድርበት ቀን ጥቂት ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ቆላ ነው፣ አስከሬን አይቆይም፣ እዚሁ ይቀበር አሉ። አባቴ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ከአባቶቹ ጎን ነው የሚያርፈው፤ ሙቀቱ ሳይመጣ እንነሣለን ብሎ እንቢ አለ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አጎቶቼ ቃሬዛውን በገመድ ያጠብቁ ነበር። እኔ ከመበለቲቱ አጥር ውጭ ቆምኩ። ከልማዴ ቀና ብዬ ዳሞታን ፈለግሁ። የለም። ከፊቴ የማላውቀው ሜዳና ግራር ነበር። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። የባይራ መሞት እንኳ እንደዚያ አልገባኝም ነበር፤ ተራራው ሲጠፋብኝ ነው የገባኝ።

ፀሐይ መውጣት ጀመረች። ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት። ቀስ ብዬ ፊቴን አስተካከልኩ። ግራ እጄንም ዘረጋሁ፤ በዚያ በኩል ዞሬ አየሁ።

ዳሞታ እዚያ ነበር። ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ጫፉ ብቻ ብርሃን የነካው። ባይራ ካርታው ላይ ያስቀመጣትን የኩይሳ ስባሪ ያክላል።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል። እጆቼ እንደተዘረጉ ነበሩ።

«ምን ታያለህ?»

«ሰሜንን።»

«ወዴት ነው?»

ወደ ሜዳው አመለከትኩ። ወደ ተራራው አይደለም።

«ዳሞታስ?»

«በግራዬ። ምዕራብ።»

አባቴ ፊቱን በጋቢው ጫፍ አበሰ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ወደ ቃሬዛው አዞረኝ። «በል ንገረው» አለኝ። «መለስኩ በለው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እገባለሁ በለው።»

ሄጄ በጆሮው በኩል ጎንበስ አልኩ። ነጠላውን አልገለጥኩም። «ባይራ፣ ዳሞታ በግራ ነው» አልኩት። «አባ ጠይቆኝ ነበር፤ መለስኩ። እገባለሁ።» «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፤ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው።

አጎቶቼ ቃሬዛውን አነሡ። እኔ ባይራ ለእናቴ የገዛውን ጥጥ ተሸክሜ፣ ፀሐይዋን በጀርባዬ፣ ተራራውን በፊቴ አድርጌ ከፊታቸው መራሁ።