የፈረምኩላት ጀልባ

ሊይዙኝ የመጡ ጊዜ የብየዳውን እሳት ይዤ ጀልባዋ ሆድ ሥር ተንበርክኬ ነበር። ሦስት ሆነው ገቡ። አንደኛው ጠመንጃውን አዞረብኝና «አጥፋው!» አለ። «መጀመሪያ ጋዙን ልዝጋ፣ አለዚያ አብረን ነው የምንሄደው» አልኩት። እሱ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ራቀ፣ እኔ ተረጋግቼ ዘጋሁ። ከዚያ እጄን የፊጥኝ አሰሩኝ።

ወርክሾፑ ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ጣሊያን ነበሩ፤ ንብረቱ ሲወረስ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፣ እኛ ሠራተኞቹ ከነሞርሳውና ከነመዶሻው ለመንግሥት ቀረን። አሉሚኒየም መበየድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእኔ ሌላ የሚችል አልነበረም። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ሊቀልጥ መሆኑን አስቀድሞ ይነግርሃል። አሉሚኒየም መልኩን ሳይለውጥ ይቆይና ድንገት እፊትህ ይፈሳል። ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ዐሥር ዓመት ስለኖርኩ ነው መሰለኝ ዝም የሚል ሰው አላምንም።

ጀልባዋን ያዘዙት የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፣ በማኅበራቸው ስም። ንድፏን ወለሉ ላይ በጠመኔ በሙሉ ቁመቷ የሣልኩት እኔ፣ ላሜራዋን የቆረጥኩት እኔ፣ ጎኗን ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። ረጅም ስፌት በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። ስለዚህ መጀመሪያ በየስንዝሩ በነጥብ ብቻ ይያዝና ከዚያ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየተባለ ይሞላል። በተያዝኩበት ዕለት የሆዷ ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጥብ ብቻ ነበር የተያያዘው። በነጥቦቹ መካከል ቢላ ይገባ ነበር።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ቀበሌ ስደርስ ተነገረኝ። ወርክሾፑ ውስጥ ከላሜራ ክምር ሥር የተከለከለ ወረቀት ተገኝቷል።

የቀበሌው እስር ቤት ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የአንድ ነጋዴ በርበሬ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ግድግዳው በርበሬ ጠጥቷል። ገና በሩ ሲከፈትልኝ አስነጠሰኝ፣ ደገመኝ፣ ሠለሰኝ። ከጨለማው ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ድምፅ ባንድ ላይ «ይማርህ!» አለኝ። እንኳን ደህና መጣህ መባባያቸው ይህ ነበር።

የመኝታ ቦታ የሚያከፋፍሉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እንደለመዱት መዝገብ የከፈቱ ይመስል ጠየቁኝ።

«ምን ተገኘብህ?»

«ወረቀት።»

«ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«የማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ጥሩ። አለማወቅህን አደራ እንዳትረሳው» አሉኝ።

አዲስ ገቢ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ይተኛል። አንድ ሰው በተፈታ ቁጥር ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። የሚፈታ ሰው ከለበሰው በቀር ምንም ይዞ አይወጣም፤ ብርድ ልብሱንም ጣሳውንም ለወደደው ሰጥቶ ነው የሚሄደው። በአምስት ወር ውስጥ ከባልዲው እስከ ክፍሉ አጋማሽ ደረስኩ። ሥራዬን ካወቁ በኋላ ስሜ «ኖኅ» ሆነ። የአራዳ ልጆች አይምሩም፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር «ኖኅ፣ ስንት ቀረህ?» ይሉኝ ነበር።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት በበሩ ስንጥቅ ሲያይ የነበረ ልጅ «ኖኅ፣ መርከብህ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ቀልድ መስሎኝ። ጥቂት ቆይቶ ጠባቂው ስሜን ጠራ።

እውነትም መጥታለች። ግቢው መሐል አራት በርሜሎች ላይ ተቀምጣለች፣ ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ ለርክክብ። ወደ ቢሮው ስሄድ በሆዷ በኩል አለፍኩ። የተበየደ ስፌት ቀለም ቢቀባ እንኳ ከሥሩ ይታወቃል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይሄዳል። የሷ ሆድ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ነበር። ስቱኮ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ የቀሩት ሰዎች የግቢ በርና የመስኮት ፍሬም ሠሪዎች ናቸው። በር በነጥብ ይያዛል፣ ክፍተቱ በስቱኮ ይደፈናል፣ ይቀባል፣ ሃያ ዓመት ይቆማል። እነሱም በለመደ እጃቸው በር አድርገው ጨረሷት። አልፈርድባቸውም። ለበዓል አድርሱ ተብለዋል፣ በዚያ ዘመን «አንችልም» ማለት አሻጥር ነበር።

ቢሮው ውስጥ የቀበሌው ሊቀመንበርና አንድ እንግዳ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ጀርባ ይቆም የነበረ ሰው ነው፤ የግማሹን ሰፈር መጠጥ በቃሉ ያውቃል። እንግዳው ጠና ያሉ፣ በፀሐይ የከሰሉ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የማኅበሩን ማኅተም በመሐረብ ቋጥረው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

ሊቀመንበሩ ወረቀት ገፋልኝ። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ተሠርታ፣ ተፈትሻ፣ ለአገልግሎት ብቁ መሆኗን ባለሙያው አረጋግጧል ይላል።

«ማኅበሩ ያለ ባለሙያው ፊርማ አልረከብም ብሏል» አለ። «ፈርምና ወደ ቤትህ ሂድ። ጉዳይህ ተዘግቷል። ሚስትህንም አስጠርተናታል።»

በመስኮቱ አየሁ። በሩ ላይ ቆማለች፣ ኮቴን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ።

ፈረምኩ። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው ሌላው ሁሉ ሲወራ ይህ ስለሚረሳ ነው። ስፌቱን አይቻለሁ፣ ዐውቄያለሁ፣ ፈርሜያለሁ።

እቃዬን ላስረክብ ወደ ክፍሉ ስመለስ ዓሣ አጥማጁ ተከተሉኝ። ጠባቂውን አስፈቅደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የሠሯት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰው ትችላለች?»

«ዐሥራ ሁለት» አልኩ። ንድፉ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው፣ ሳላስበው ወጣ።

ፊታቸው በራ። «እኛ የምንኖረው ደሴቱ ላይ ነው። ታንኳችን ደንገል ናት፣ ውሃ ትጠጣለች። ባለቤቴ ሐይቁን ትፈራለች፤ ካገባኋት ጀምሮ ተሻግራ አታውቅም። የብረት ጀልባ መጣልን ስላት ግን እንግዲያው እሻገራለሁ፣ እናቴን አያለሁ አለች። ከነልጆቹ ስምንት ነን። በአንዴ ማለት ነው እኮ!»

«በአንዴ» አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ እልል አሉልኝ። ብርድ ልብሴን ባልዲው አጠገብ ለሚተኛ ተማሪ ሰጠሁ፣ ጣሳዬን ለሌላ። ሁሉም ጥቅልሉን እየያዘ አንድ አንድ ቦታ ተጠጋ። ጋሼ አቅፈው ሲስሙኝ ፊቴን አዩትና «ምን ሆንክ?» አሉኝ። በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«አሁን አፍህን ከከፈትክ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ?»

«አሻጥር።»

«በአሻጥር ተጠርቶ ከዚህ የወጣ ሰው ሲመለስ ያየህበት ቀን አለ?» አሉ። «ሂድ ልጄ። ሚስትህ በር ላይ ናት። ውጣና ውጭ ሆነህ ደብዳቤ ጻፍላቸው።»

ምክሩን ወደድኩት። እንዲህ የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግሁት። ነገ በጠዋት ጭነው እንደሚሄዱ፣ ደብዳቤ ዝዋይ እስኪደርስ ስምንቱ ሰዎች ሐይቅ መሐል እንደሚሆኑ ዐውቃለሁ። ሆኖም ምክሩን ይዤ ወጣሁ።

ሚስቴ አየችኝና ኮቴን ዘረጋች። በመካከላችን ሃያ እርምጃ ያህል ይቀራል። ግቢው መሐል ስደርስ ዓሣ አጥማጁን አየኋቸው። ጀልባዋ ላይ ወጥተው መቀመጫው ላይ ተቀምጠዋል፣ ብቻቸውን። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎኗን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ለሚስታቸው ቦታ እየመረጡ እንደሆነ ገባኝ። ሚስቴን ድጋሚ ቀና ብዬ ሳላያት ወደ ቢሮው ዞርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊርማዬን ይመልሱልኝ። አላለቀችም።»

ሊቀመንበሩ ወጥቶ መጣ። ቀለሟን አየ፣ እኔን አየ።

«ምኗ ነው ያላለቀው?»

«ሆዷ አልተበየደም። ውሃ ይጨመርባት።»

ሰውየው ወረዱ፣ ጠባቂዎቹ በባልዲ እየቀዱ ሆዷ እስኪሸፈን አፈሰሱባት። ቆምን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ስቱኮው ያዘ። ሊቀመንበሩ ሳቀ፣ ጠባቂዎቹም ሳቁ። አልዋሽም፣ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት እሄዳለሁ ብዬ ነበር። አፌ ግን ሥራውን ቀጠለ።

«ሐይቅ ዝም ብሎ አይቆምም» አልኩ። «ግራና ቀኝ ይያዟትና ያወዛውዟት።»

ሁለት ሁለት ሆነው ያዟት። በሁለተኛው ውዝወዛ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ስቱኮው እንደ ደረቅ ቂጣ እየተቀረፈ ወደቀ፣ ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘረገፈ። የሊቀመንበሩ ጫማ ራሰ።

«እንግዲህ ዐውቀህ ነበር» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ዐውቀህ ፈረምክ። አሻጥር ማለት ይኸው ነው።»

እውነቱን ነበር። ያ ሰው ስለ እኔ ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጁ ግን ጭቃው ላይ ቀረቡና ለሊቀመንበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ። በዚያ ጊዜ አሻጥረኛ ለተባለ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ማለት ያሳስር ነበር።

ሚስቴን ከበሩ መለሷት። እግሬ ላይ የሆነውን አልጽፍም፤ ሌሎች የጻፉት ነው፣ ከነሱ የተለየ አልነበረም።

ወደ ክፍሉ ተሸክመው ሲመልሱኝ ተማሪው ተነሥቶ ብርድ ልብሴን ዘረጋልኝ። «ተሰጥቷል፣ ያንተ ነው» አልኩት። ቦታውንም ሊለቅልኝ ነበር፣ ሌሎቹም ጥቅልላቸውን ማንሣት ጀመሩ። «ማንም አይነሣ» አልኩና ባልዲው አጠገብ ሄድኩ። የዚያን ቀን በእጄ የቀረ ኩራት ያ ብቻ ስለነበር አጥብቄ ያዝኩት። ጋሼ ከመስኮቱ ሥር ተነሥተው መጡና ባልዲው አጠገብ፣ ከጎኔ፣ ተቀመጡ።

ሚስቴ ያን ቀን ምግብ አልያዘችም ነበር፤ ልትወስደኝ ነበራ የመጣችው። ዐሥር ሰዓት ላይ ሳህኑ ደረሰ። እቤት ሄዳ፣ ሠርታ፣ ተመልሳ መምጣቷ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሁለት ጠባቂዎች መሐል ወደ ወርክሾፑ ወሰዱኝ። ከእኔ ሌላ የሚችል የለምና። ስቱኮውን ፈቅፍቄ ስፌቱን ሞላሁ፣ የብየዳው ዱቄት ላሜራውን እንዳይበላው በሙቅ ውሃ አጠብኩ። መቆም ስለማልችል የበየድኩት ተቀምጬ ነው፣ እጄም እንደ ቀድሞው አልነበረም። ውሃ አፍስሰን ስናወዛውዛት ያዘች። ጭነው ወሰዷት። ለእኔ ዐሥራ አራት ወር ተጨመረልኝ፤ ከሞት በማምለጤ ጋሼ እስከ መጨረሻው ሲደነቁ ኖሩ።

ዛሬ ሰፈር ውስጥ «አልፈርምም ያለው ሰውዬ» ይሉኛል። ለልቅሶም ለሠርግም ስቀመጥ እንዲህ ብለው ያስተዋውቁኛል፣ እኔም ሳላርማቸው ዓመታት አለፉ። ይህን መጻፍ ስጀምር ግን ሚስቴ ከሌላ እንዳትሰማው ብዬ ቀድሜ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ፈርመህ ነበር?» አለችኝ።

«ፈርሜ ነበር። አንቺ ጋ ልደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ነው የተመለስኩት።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «እኔ ብሆን አልመለስም ነበር» አለች። ስትለው አልተቆጣችም፣ እኔም አልተቀየምኳት። የዐሥራ አራት ወሩን ሳህን ያመላለሰችው እሷ ናት። ከዚያ ስለዚያች ውሃ ስለምትፈራ ሴት ነገርኳት፣ ስለ እናቷም፣ ስለ ልጆቹም።

የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አስቀመጠችና «ታዲያ ተሻገረች?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ዝዋይ ሩቅ አይደለም፣ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ሄጄ አልጠየቅሁም፤ የምሰማውን እፈራለሁ።