ከበረካ በኋላ የተጠየቀው ሲኒ

በእኛ ሰፈር ከእራት በኋላ ቡና የሚፈላው ጎረቤታችን ቤት ነበር። የመካነ ሰላም ብርድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አያስወጣም፤ ቢሆንም እኔና እናቴ እራታችንን እንደጨረስን ጋቢ ደርበን ጆሯችንን ወደ አጥሩ እናደርጋለን። ብዙም ሳይቆይ «ኑ፣ ቡና ጠጡ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሳይጠሩ መሄድ ነውር ነው፤ ተጠርቶ መቅረት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን። በሥጋ እንለያያለን እንጂ በቡና ተለያይተን አናውቅም።

የቤቱን እመቤት እትዬ ነበር የምላት። አንቱታውን ራሷ ከልክላኝ እንደ እናቴ አንቺ እላታለሁ። ባሏን ግን ጋሼ ብዬ እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው አከብራቸዋለሁ። እህልና ጨው የሚነግዱ፣ ወሬ የማይወዱ፣ ሲስቁ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ሦስተኛው የዘወትር እንግዳ በመንገዱ ጫፍ ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ የሚያስተምሩት ሽማግሌ ሼኽ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ የእትዬ ቡና ለእሳቸው ቡና ብቻ አልነበረም።

የቡናውን ሥርዓት እትዬ አጥብቃ ትይዛለች። የመጀመሪያው ሲኒ የሼሁ ነው፤ እሳቸው ፉት ሳይሉ ማንም አይቀምስም። አቦል እየተጠጣ ክፉ ወሬ አይነሳም። የታመመ ካለ፣ የተጣላ ካለ ቶና ላይ ይወራል። አቋርጦ መውጣት የለም፤ የቸኮለ ሰው ቀድሞውኑ አይቀመጥ ትላለች። በረካ ሲያልቅ ሼሁ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኛም ሁላችን አሚን እንላለን። ከዱዓው በኋላ ሲኒ ለሌላ ቡና አይዘረጋም። ረከቦቱ ይነሳል፣ ደህና እደሩ ተባብለን እንበተናለን።

የሼሁ ዱዓ በየማታው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እትዬ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ከባሕር ማዶ ያለችውን ልጃችንን በሰላም ለአገሯ መልሳት» የሚሉበት ቦታ ነው። ልጅቷ የእትዬና የጋሼ አንድ ሴት ልጅ፣ የእኔ ደግሞ ጓደኛዬ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለያየን። እኔ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፤ እሷ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች በደሴ አድርጋ ወደ ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። ስትሄድ አውቶቡስ ተራ የሸኘናት እኔና እናቷ ነን። መስኮቱን ከፍታ «እትዬን አደራ፣ ቡና ብቻዋን እንዳትጠጣ» አለችኝ። እናቷን እሷም እንደኔ እትዬ ነበር የምትላት።

ኮሌጅ ተዘግቶ ቤት በነበርኩበት ክረምት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጋሼ በአጥሩ በኩል እናቴን ጠሯት። በራፍ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። የአጥሩን እንጨት በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ስልክ ያለው አንድ ነጋዴ ሱቁ ድረስ አስጠርቷቸው፣ ከጅዳ የአገር ልጅ ደውሎ ነግሯቸዋል። ልጅቷ ታማ ነበር፤ ሞታለች፤ እዚያው ቀብረዋታል። ትኩሳት ነው አሉ እንጂ ከዚያ በላይ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«ለሷ ነገሯት?» አለች ቆይታ።

«እንዴት አድርጌ? ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ለሼሁም ነግሬያለሁ። መርዶ በማታ አይነገርም፣ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ዛሬ ማታ ግን ቡና እንዳትቀሩብኝ። ብቻዬን ፊቷን ማየት አልችልም።»

እናቴ ወደ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። እኔ አልጋው ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ። እጄን ይዛ አስነሳችኝና «ተነሽ፣ ታጠቢ። ዛሬ ያለቀስሽ እንደሆነ እናቷን የገደልሻት አንቺ ነሽ» አለችኝ። ክፋቷ አልነበረም፤ ሌላ ቃል አጥታ ነው።

እራት አልበላንም። «ኑ፣ ቡና ጠጡ!» ሲባል ተነስተን ሄድን።

እትዬ ያን ማታ ደስ ብሏት ነበር። የገብስ ቆሎ ቆልታለች፤ ከወረኢሉ የመጣላትን ማር እንኳ ዳቦ ላይ ቀብታ አቅርባለች። ሼሁ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ ጥግ ይዘው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«አንቱ፣ ምነው? አመመዎ እንዴ?» አለቻቸው።

«ብርዱ ነው።»

«እንግዲያው ትኩስ ትኩሱን ይጠጡ» ብላ ሳቀች።

የመጀመሪያውን ሲኒ ለሼሁ ሰጠች። ሼሁ ፉት አሉ። ከዚያ ለእኛ ደረሰ። ጨው ያለበት ቡና ነው፤ ስውጠው የራሴን እንባ የምጠጣ መሰለኝ። ሲኒውን ማስቀመጥ አልችል፣ መጨረስ አልችል። እናቴ ከጎኔ ሆና ክርኗን ጎኔ ላይ አስደገፈች። ጨረስኩት።

ቶና ላይ እትዬ ስለ ልጇ አነሳች። «ለአረፋ ትመጣለች ብሎ ልቤ ነግሮኛል። ብትመጣ ያቺን ጓዳ ለሷ አስለስናታለሁ» አለች። እናቴ ብቻ «አዎን፣ ጓዳውማ መለሰን አለበት» አለች። እናቴ በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ የከበዳት ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ይመስለኛል።

በረካ ተጠጣ። ሼሁ መዳፋቸውን ዘረጉ። ስለ አገሩ ለመኑ፣ ስለ ዝናቡ ለመኑ፣ ስለ ቤቱ ለመኑ። የልጅቷ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እሳቸው በዱዓ መዋሸት የሚችሉ ሰው አልነበሩም። «ልጃችንን» አሉ። «ልጃችንን፣ ያ አላህ፣ ካለችበት እዘንላት።»

አሚን አልን። እትዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ሼኻችን፣ ዛሬ በሰላም መልሳት ማለቱን ረሱት» አለች።

ሼሁ ባዶውን ሲኒ አነሱና ወደ እሷ ዘረጉት። «እስቲ አንድ ድገሚኝ፣ ልጄ» አሉ።

በዚያ ቤት ከዱዓ በኋላ ሲኒ ዘርግቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እትዬ ሲኒውን አየች፣ ሼሁን አየች፣ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ጋሼ ጋቢያቸውን አልገለጡም። እትዬም ጀበናውን አንስታ ውሃ ጨመረችና እሳቱ ላይ መልሳ ጣደችው።

«ይሁን። ብርዱ ለሁላችንም ነው» አለች። ሲፈላ ለሼሁ ቀዳች። ቡና አይሉት፣ ቀለም ያለው ውሃ ነበር። ሼሁ እስከ ጭላጩ ጠጡት። ደህና እደሩ ስንል እንደ ወትሮው እስከ በራፉ ሸኘችን። ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም። እናቴ በመንገድ ላይ «ተመስገን፣ አላወቀችም» አለች።

ሲነጋጋ፣ ከሱብሂ በኋላ፣ ሼሁና ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ፊት፣ እኛ ሴቶች ኋላ ኋላ ሆነን ሄድን። በሩ ተከፍቶ ነበር። ቤቱ ተጠርጓል። ዕቃው ሁሉ ወደ ጓዳ ገብቶ ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፣ ለቀስተኛ እንደሚነጠፈው። እትዬ ወገቧን በነጠላ አስራ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ግቡ፣ ተቀመጡ። እንግዲህ አሁን ላልቅስ» አለች። ያን ጊዜ የጮኸችውን ጩኸት መጻፍ አልችልም።

ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ማብቂያው አይታወቅም። ወደ መቃብር አይኬድ፣ አፈር አይያዝ። ሰው ከወግዲ፣ ከደጎሎ እየመጣ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ሰዉ ሲያልቅ ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ከእራት በኋላ ቡና አልፈላም። ጋሼ ሰግደው እንደበሉ ይተኛሉ። ሼሁን እናቴ እኛ ቤት ትጠራቸው ጀመር፤ እሳቸው ግን አንድ ሲኒ ጠጥተው ይነሳሉ። ዱዓም በልባቸው ነበር የሚያደርጉት።

ኮሌጅ ጨርሼ ወግዲ ተመደብኩ። ለበዓል ስመጣ ቀን ቀን እትዬ ጋር እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ሁለታችን ብቻ ሳለን ያን ማታ አነሳሁባት።

«ሼሁ ሲኒውን ሲዘረጉ ነው ያወቅሽው?»

«ሲኒውን ሲዘረጉ ጠረጠርኩ። ያወቅሁት ወደ ጋሼሽ ስዞር ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

የነጠላዋን ጥለት በጣቷ አሻሸች። «ያን ሁሉ ቡና ጋሼሽ የጠጡት ለእኔ ብለው ነው። ቡናው አልወርድ እያላቸው አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ በረካውን ጠጡ። አንድ ማታ በሰላም ትደርልኝ ብለው። እንዴት ብዬ አፈርስባቸዋለሁ? አጠገባቸው ተኛሁ። የተኙ መሰሉ፤ እኔም የተኛሁ መሰልኩ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ወደ ንጋት ነው፤ ያኔ ተነስቼ ቤቴን ጠረግሁ።»

«ሰሌኑ ተነጥፎ ሲያዩስ? አልጠየቁሽም?»

«ሕልም አየሁ አልኳቸው። አመኑኝ።»

ጋሼ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ወግዲ ሆኜ ስለሰማሁ ለቀብር አልደረስኩም። እትዬ እንደነገረችኝ፣ ታመው ተኝተው ሳለ እጇን ይዘው «ያቺን ማታ እንኳ በሰላም አሳደርኩሽ» ብለዋት ነበር። እሷም «አዎን፣ አሳድረውኛል» አለቻቸው።