ሦስቱ ዜሮዎች

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቢራቢሮ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ወደደው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቢራቢሮ ቆጥሮ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው በሌላ በምን ሊጠራ ኖሯል? ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ሳምንታት ተራራ ይወጣል፤ ፀሐይዋ ሞቅ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ በድንጋይ ምልክት በተደረገባት ቀጭን መንገድ ላይ በዝግታ ይራመዳል። በግራ ሦስት እርምጃ፣ በቀኝ ሦስት እርምጃ፤ ከዚያ ወሰን ውስጥ ያየውን በየዓይነቱ ይጽፋል። ሌላ ሰው «እዚያ ጋ አንዲት አለች» ቢለው እንኳ በራሱ ዓይን ካላየ አይጽፍም። ፈርሞ ያስገባውን ወረቀት የጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይቀበለዋል፤ የትኛው ተረተር ይጠበቅ፣ የትኛው ይለቀቅ የሚባለውም በዚያው ወረቀት ነው።

ከቢራቢሮዎቹ ሁሉ አንዲቱን ይወዳል። ሰማያዊ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው፤ የምትኖረውም ከተራራው ጫፍ ሥር ባለች አንዲት መስክ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ላለፉት ሦስት ዓመታት ከስሟ ፊት ዜሮ ጻፈ። ደንቡ «ሦስት ዓመት ተከታትሎ ዜሮ ከሆነ ጠፍታለች» ስለሚል፣ መስኳ ከጥበቃ ወጥታ ለድንጋይ ካባ ተሰጠች። ቁፋሮው ሰኞ ይጀመራል። ሦስተኛውን ዜሮ ጽፎ የገባ ቀን ሚስቱ ፊቱን አይታ ማን እንደሞተ ነበር የጠየቀችው። እህል ሳይቀምስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያ ወዲህ እቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንኳ ይከብደው ጀመር። ሰው በቢራቢሮ እንዲህ ይሆናል ወይ የሚል ካለ፣ አንድ ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቆ ይሞክረውና ያውራ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስለዚያች መስክ ዕድሜዋን ስትሰማ ኖራ አንድም ቀን አልወጣችም። መጀመሪያ ልጅ ነበር፣ ከዚያ ደንበኛ፣ ከዚያ የጉልበት ሕመም። ሐሙስ ምሳ ላይ ግን የስፌት መኪናዋን ትታ ተነሣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዲያው ሳላየው ሊፈርስ ነው?»

«ምን አለና ታያለሽ? ባዶ ነው።»

«ባዶውን አሳየኛ። ለቀብር የሚኬደው ሟቹ ሊያጫውተን ነው እንዴ?»

ልጃቸው ከሥራ ፈቃድ ወሰደች፤ ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ በእሷ አሮጌ መኪና ሦስቱም ወጡ። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን ይዘዋል።

መንገዱ ተራራውን እየዞረ የሚወጣ ጥምዝምዝ ነው። እናትየዋ ከፊት ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የብርቱካን ልጣጭ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋለች።

«ስንተኛው ኩርባ ነው?»

«ዓሥራ አንደኛው» አለ ከኋላ።

«ስንት ቀረ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ወይኔ! ይሄንን መንገድ የሠራው ሰውዬ ሚስት አልነበረችውም?»

ልጅቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በየኩርባው የሚናገረው አያጣም ነበር፤ ዛሬ ግን መስኮቱን ተደግፎ ኩርባውን ብቻ ይቆጥራል። ከመጨረሻው ኩርባ ላይ ሁለት ትልልቅ መቆፈሪያዎች ቆመዋል። ከሥራቸው ሠራተኞች ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ሰኞ ናችሁ?» አላቸው በመስኮቱ።

«ሰኞ ጠዋት፣ አባቴ» አለ አንዱ በትሕትና። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ግን ጋሽ ቢራቢሮ ያን ትሕትናውን ጠላው።

መኪናዋን አቁመው ሁለት ሰዓት ያህል በእግራቸው ወጡ። እናትየዋ በየመቶ እርምጃው እየተቀመጠች፣ ጉልበቷን እየረገመች፣ መልሳ እየለመነችው ደረሰች። መስኳ ትንሽ ናት፤ አጭር ሣር፣ ግራጫ ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ አበባ። እሱ ከመጀመሪያው የምልክት ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እዚህ ነበረች» አለ።

ሚስቱ ላቧን እየጠረገች ዙሪያውን ቃኘች። «የቷ? እንደዚያች ያለችው?»

«የቷ?»

«ሣሩ ላይ ያለችው። ኧረ ሁለት ናቸው! ኧረ ከድንጋዩም ላይ ተነሣች!»

«አበባ ነው የምታይው።»

«አበባ ይበራል እንዴ፣ አንተ?»

እንደ ፈታኝ ድምፁን አጥብቆ፣ «ክንፏን ስታጥፍ ከሥር ምን ትመስላለች?» አላት። ያንን በሕይወቱ ነግሯት አያውቅም። እሷም ያን የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ፣ ዕድሜ ልኳን ቀለም ከቀለም ስታዛምድ በኖረ ዓይኗ ተጠግታ አየች።

«ከሥር ግራጫ ናት። ጠርዟ ላይ ሁለት ብርቱካንማ ነጥብ አላት፤ ክር ቋጥረው የቆረጡት ይመስላል። ከላይ ግን ሰማያዊ፣ ድፍን ሰማያዊ!»

እሷው ነበረች። ጋሽ ቢራቢሮ በእንብርክኩ ሄደ። አፍንጫው ሣሩን እስኪነካ ጎነበሰ። በግራጫው ድንጋይ ላይ አመድ የመሰለ ነገር እልም ሲል ታየው እንጂ ሰማያዊ የሚባል ነገር አላየም። ልጅቱ በስልኳ ፎቶ አንሥታ፣ አጉልታ ሰጠችው።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ ነዋ፣ አባዬ።»

«እኔ የማየው አመድ ነው።»

አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። የዓይኑ ብሌን መሐል ላይ ቢጫ ጉም ተኝቷል። «አባዬ፣ የዓይን ሞራ አለብህ» አለችው ቀስ ብላ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ካቻምና ሰማያዊ ካፖርት ሰፍታለት «ይሄን ግራጫ ካፖርት» እያለ ሲጠራው፣ ሥራዬን ሊያጣጥል ነው ብላ ሳምንት አኩርፋው ነበር። እሱ ደግሞ ሩቁን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ቢጫዎቹን፣ ትልልቆቹን ቢራቢሮዎች አንድ አያመልጡትም። ሰማያዊው ብቻ በዚያ ቢጫ ጉም ተውጦ ከዓይኑ ተሰርቆ ሲወጣ ማን ይንገረው?

ቁጭ አለ። የመጣበት ሐዘን አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ አብሮት የሚቆጥር ሁለተኛ ሰው ልስጥህ ብሎት ነበር። «ሁለት ሰው ሲረግጥ ቢራቢሮ ይሸሻል» ብሎ መለሰላቸው፤ እውነቱ ግን ኩራት ነው። ባለፈው ዓመትም አንድ ንብ አርቢ «ኧረ እኔ አይቻቸዋለሁ» ሲለው፣ «በዚያ መስክ ላይ አንዲት ካለች ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ምሎ፣ በሰው ፊት ስቆበት ነበር። መስኳን የሸጣት ካባው አይደለም፤ እሱ ነው፣ በገዛ ፊርማው።

ሚስቱ ይሄ ሁሉ አልታያትም። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት እርምጃ ብላ፣ መንገዷን ይዛ ቆጠረች። አርባ አንድ። እንደ ልጅ እየዘለለች መጣች። «አልጠፋችማ! እንግዲያው ይተዋሉ! ተነሥ፣ ቢሮው ሳይዘጋ!» ያ ተስፋ እሱም ላይ ተጋባበትና ቁልቁለቱን ሮጠ ማለት ይቻላል።

ሚስቱንና ልጁን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ የልጁን ስልክ ይዞ ወደ ቢሮው ገባ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቆጠራን የተማረችው ከእሱ ኋላ ኋላ እየተራመደች ነው። ፎቶውን አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ግን ፊቷ ቀስ እያለ ጠቆረ። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ጋሽዬ፣ ማን ነው ያያት?»

«ሚስቴ። አርባ አንድ።»

«እርስዎስ?»

ነገራት፤ ሞራውንም፣ ካፖርቱንም።

«ከሁለት ሳምንት በፊት እርስዎ ዜሮ ብለው በፈረሙበት መስክ ላይ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ በአንድ ሰዓት አርባ አንድ አየች ብዬ ባቀርብ፣ የካባው ጠበቃ ‹ቆጣሪው እንዴት አላየም?› ይለኛል። ዓይኑን ታሞ ነው እላለሁ። ‹ከመቼ ጀምሮ?› ይላል።» ቀና ብላ አየችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሽዬ?»

አያውቅም።

«የምንጩ ሸለቆና የምሥራቁ ተረተር አምና የተጠበቁት በእርስዎ ቁጥር ነው። ሁለቱንም ለመውሰድ የካባው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሲሟገቱን ከርመዋል። የታመመ ዓይን ቆጠራ ነው ካሉ፣ ሸለቆውም ተረተሩም ይሄዳሉ።»

«ሌላ ሰው ይቁጠረው እንግዲህ።»

«አዲስ ቆጠራ የሚያዘው ኮሚቴው ነው፤ የሚሰበሰበው ደግሞ ከወር በኋላ ነው። ያኔ ካባው ሥራ ከጀመረ ወር ሞላው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መደርደሪያው ላይ በየዓመቱ የታሰረ የእሱ ወረቀት ተደርድሯል። በዚያ ወረቀት የተጠበቀው ነገር ሁሉ አሁን የቆመው እሱ ዝም በማለቱ ላይ ነው።

«እርስዎ ይወስኑ» አለችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ጻፊ ካሉኝ አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

የሸለቆው ውሃ ታሰበው፣ ተረተሩ ታሰበው። ከዚያ አርባ አንዱ። አንዲቷን እንኳ ሳያያት ሊፈርድባት ነው።

«ተይው» አለ በመጨረሻ። «ሆድ ይፍጀው። ፎቶውንም አጥፊልኝ፣ እኔ አልችልም።»

አጠፋችው። ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችለት።

ሲወጣ ሚስቱ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታለች፤ ፊቷን ፀሐይ አቅልቶታል። እንዲህ ደስ ብሏት ካያት ስንት ዘመኑ ነው።

«እሺ፣ ምን አሉ? ሰኞ ያቆሙታል አይደል?»

«አዎ» አለ፣ በሩን ከፍቶ እየገባ።

«አላልኩህም? እንግዲያው በሚቀጥለው ዓመት እህቴን ይዤያት እወጣለሁ። እሷ ከእኔ ይልቅ መራመድ ትችላለች። ታሳየናለህ፣ አይደል?»

«አዎ።»

ስልኩን ለልጁ አቀበላት። ፎቶውን ለእናቷ ደግማ ልታሳያት ከፈተች፤ ፈለገች፤ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው። ከዚያ በመስተዋቱ የአባቷን ፊት አየችና ስልኩን ጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። እናትየዋ ለእህቷ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልጋት እያወራች ነበር፤ ልጅቱ ሞተሩን አስነሣች።