የጥጉ ጉድጓድ

ጠጠር የዋንዛ ገበጣ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ በጡረታ በምኖርበት በአራዳው ቤቴ በረንዳ ላይ የልጅ ልጄ ስትጫወት ድንገት ይመለስና፣ መካነ ብርሃን ካለው የአባቴ ቤት ወስዶ ያስቀምጠኛል። ይህንኑ ገበጣ የጠረበው አባቴ ነው፤ ኩፍኝ ይዞኝ በተኛሁበት ሰሞን አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየፈለፈለ፣ እንዳይሻክሩኝ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሠራልኝ።

ክረምት ጉሙ ከደጅ ሲያግደን፣ ከታላቅ ወንድሜ ከአያ ጌትነት ጋር እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠር እያነሳን በየጉድጓዱ እየዘራን እንጫወት ነበር። ያስተማረን አባቴ ሲሆን፣ ለእኔ ለታናሿ ግን አንድ ነገር ጨምሮልኝ ነበር፤ ታናሽ በታላቁ ፊት ከጥጉ ጉድጓድ ቢያነሳ ነውር ነው። በቤታችን ታላቅ ሳይጀምር እንጀራ አይቆረስም፣ ታላቅ ሳይቀመጥም አይቀመጥም ነበርና፣ ይህም ከዚያው ሥርዓት አንዱ መስሎኝ ሳልጠይቅ ተቀበልሁት። ጥጉ በጠጠር እየሞላ ሲሄድ እንኳ ዓይኔ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈው ነበር።

መስከረም ላይ ጎንደር የሚኖረው አጎቴ መጥቶ፣ ከሁለታችን አንዳችንን ወስዶ ሊያስተምር እንደሚፈልግ ተናገረ። አባቴም «አእምሮው የፈጠነው ይሂድ፤ ገበጣው ይፍረድ» አለ። ተጫወትን፤ ጥጌ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የማነሳው አጥቼ ተሸነፍሁ። ወንድሜ አዲስ ቦርሳ አንግቶ ሄደ፣ እኔም አእምሮዬ ዘገምተኛ ነው ብዬ አምኜ ቀረሁ።

በበጋው፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የአባቴ አብሮ አደግ አያ ታፈረ ደጃችን ላይ እሱን ሲጠብቁ «ነይ እስቲ፣ ዛሬ ልርታሽ» ብለው ከገበጣው ፊት አስቀመጡኝ። ጥቂት እንደተጫወትን ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጠጠር ለማን ድግስ ነው የምታከማቺው?»

«ከጥግ ማንሳት ለታናሽ ነውር ነዋ፣ አያ።»

«ማን አለሽ?»

«አባቴ።»

ከት ብለው ሳቁ። «አባትሽ? እሱ እኮ ታናሼ ነው፤ ከዚችው ጥግ እያነሳ ስንቴ አራቁቶኛል!» ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ።

አባቴ ከገበያ ሲመለስ ጠየቅሁት። የበቅሎውን ኮርቻ እያወረደ፣ ሳያየኝ፣ «አንቺ ብትሄጂ እናትሽን ማን ያግዛት?» አለ። አልካደም። «ቅሪ» ቢለኝ እኮ እቀር ነበር፤ እርሱ ግን ራሴን እንድንቅ አድርጎ አስቀረኝ።

እውነቱን ማወቄም ወዲያው አልፈታኝም። ብቻዬን ተቀምጬ በሁለቱም ወገን ስጫወት እንኳ፣ እጄ ጥጉ ላይ ሲደርስ የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስል ይመለስ ነበር። በግድ እያለማመድሁት፣ ቀስ በቀስ ከጥጉ የተነሳ ጠጠር ዙሪያውን ዞሮ የት እንደሚያርፍ አስቀድሜ ማየት ቻልሁ።

ክረምቱ ሲገባ ወንድሜ ከአጎቴ ጋር ለእረፍት መጣ፤ እኔም በአጎቴ ፊት ግጥሚያ ጠየቅሁ። ጥጉን ሙሉ ዘግኜ ሳነሳ አያ ጌትነት «ነውር ነው! አባባ፣ እያት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ጣራውን ያይ ነበር። አጎቴ «የምን ነውር?» ብሎ ጨዋታው እንዲቀጥል አዘዘ። አሸነፍሁ፤ አጎቴም እኔንም ሊያስተምር ወሰነና በመስከረም ጎንደር ገባሁ።

በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ሁሉ፣ «አይቻልም» ተብሎ የመጣልኝን ጉዳይ «ማን ከለከለ?» ብዬ ሳልመረምር መልሼ አላውቅም፤ በዚህ እኮራለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ያን ነገር ዳግም አላነሳነውም። የልጅ ልጄ ዛሬ ጥጉን ያለ አንዳች ሐሳብ ዘግና ታነሳለች፤ ተራው የእኔ ሲሆን ግን እጄ ጥቂት ይዘገያል።

«እማማ፣ ምነው ቆምሽ?» ትለኛለች።

ጣቴን ወደ ጥጉ እሰዳለሁ። ጉድጓዱ ዛሬም ለስላሳ ነው፤ እንዳይሻክረኝ ብሎ አባቴ የዳሰሰው ነው።