ማላኪ የከደነው ጣራ

ማላኪ ታንሲ በኪልታራ መንደር አርባ ዓመት ሙሉ የሣር ጣራ ሲከድን ኖሯል። የእሱ ክዳን አሥራ አምስት ክረምት ይችላል፤ ይህን የሚጠራጠር አልነበረም። በሙያው ካተረፈው ስም በቀር ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ለጣራ የሚሆነው ማዳበሪያ ያልነካው የአጃ አገዳ ነው። ማዳበሪያ የበላ እንደሆነ ቁመት ያወጣል እንጂ ልፍስፍስ ነው፤ ዝናብ ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ማላኪ አገዳውን የሚወስደው ከአብሮ አደጉ ከፊንታን ብቻ ነበር። ፊንታን ለእሱ ሲል አንዱን ማሳ ያለ ማዳበሪያ ይዘራለታል። ማዳበሪያ አስገባህ ወይ ብሎ ወዳጅን መጠየቅ ነውር ነው።

ባሏ የሞተባት አትራክታ ቤቷን ስታስከድን ፊንታን ያመጣው ነዶ ግን ከወትሮው ረዘም ያለ ነበር። ማላኪ መሰላሉ ላይ ሆኖ አንድ ጭብጥ ጨመቅ አደረገ። ለሰለሰበት።

"ዘንድሮ አጃህ ቁመት አውጥቷል" አለ ወደ ታች።

"ዝናቡ ነዋ! አንተ ሲረዝምም ታማርራለህ፣ ሲያጥርም ታማርራለህ!" ፊንታን ከጋሪው ላይ ነዶ እየወረወረ ሳቀ። "ማዳበሪያ ነክቶት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

ማን ጠየቀው? ማላኪ ግን አብሮት ሳቀና ከደነ።

በአራተኛው ክረምት ጣራው አፈሰሰ። አትራክታ ከአልጋዋ በላይ ያለውን ጥቁር እርጥበት አሳየችው።

"እኔስ አልፈርድብህም" አለችው። "ፊንታን ነግሮኛል፤ የማላኪ እጅ አርጅቷል፣ ቻዪው ብሎኛል።"

ማላኪ ጣራው ላይ ወጥቶ የበሰበሰ አገዳ ዘገነና በቀጥታ ወደ ፊንታን በረት ገባ።

"ማዳበሪያ ነስንሰህበታል!"

ፊንታን ላሟን ከማለብ ቀና አላለም። "ልጆቼ ማሳው ምርት ይስጥ አሉ። ምን ላድርግ?"

"እሱስ ይሁን! እጁ አርጅቷል ብለህ ስሜን ማጥፋትህስ? አርባ ዓመት አብረን ኖረን!"

"መሰላሉ ላይ ስትጨምቀው አይቼሃለሁ፣ ማላኪ። ታውቅ ነበር። ለምን ከደንክበት?"

ማላኪ ከገዛ ጣቶቹ ይልቅ የዚህን ሰው መሐላ አምኖ ነበር።

በማግስቱ የአትራክታን ጣራ ገፎ እንደገና መክደን ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ጣራውን ምን ነካው አለው። የፊንታን ስም ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንተስ አገዳውን ስትከድን አላየኸውም ወይ ቢሉትስ?

"እጄ አርጅቶ ነው" አላቸው።