አልማዝ የጠጣችው መድኃኒት

«እትዬ፣ እንዳትስሚኝ! ጨረሩ ገና ከሰውነቴ አልወጣም» አለችኝ ጎረቤቴ አልማዝ፣ ዛሬ ከሮም ታክማ አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ።

ሁለታችንም አንገታችን ላይ አንድ ዓይነት ካንሰር ወጥቶብን በሐኪም ቢላ ተቀደድን። የኔ ሕክምና በዚያው አበቃ። እሷን ግን የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ መሐንዲስ የሆነው ባሏ ሮም ላካት።

እዚያ ጨረር ያለበት አዮዲን አጠጧት። መጀመሪያ የጠጣችው ጥቂቱ ካንሰሩ የተደበቀበትን አሳየ፤ ከዚያ የጠጣችው ብዙው እዚያው ሄዶ አቃጠለው።

ያኔ ያነሷትን የጨረር ፎቶ አየሁት። አንገቷ እንደ ማጣሪያው እሳት በርቷል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም ይህን ለማንበብ አስተማሪ አላስፈለገኝም።

«የኔ እባጭ ተመልሷል። ትንሽ አታስተርፊልኝም ነበር?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።

የሰው መዳን አንጀታችሁን ያሳረራችሁ አላችሁ? ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም።